የሰርቪሱ ልጅ

ሰርቪስ የሚባለውን ቃል ማን እንዳመጣብን አላውቅም። ሲመጣ ግን ይሄን ሁሉ ሸክም ይዞ አልመጣም፤ እኛ ነን የጫንንበት። ማለዳ ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። መኪናው ዘይት ሲቀየርለት ሰርቪስ ተደረገ እንላለን። «ስንት ዓመት ሰርቪስ አለህ?» ሲሉህ በሥራ ላይ የቆየህበትን ዘመን መጠየቃቸው ነው። ምግብ ቤት ገብተን ሽሮው ከዘገየ የቤቱን ሰርቪስ እናማለን። መረብ ኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋ ምት ሰርቪስ ናት። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ አጥሩ ላይ ተለጥፋ የምትሠራዋ ክፍል ሰርቪስ መባሏ ነው። ማብሰያው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ እግሩ የተሰበረው አልጋ፣ ሁሉም የሚሄደው ወደዚያ ነው። እንግዳ እንዳያየው የምንፈልገው ነገር በሙሉ ሰርቪስ ይገባል።

ይገዙ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰርቪስ ውስጥ አደገ፤ ሰርቪስ ነድቶ እንጀራውን በላ፤ የሃያ ምናምን ዓመት ሰርቪስም አለው። መረብ ኳሱ ብቻ አልሆነለትም። አንድ ጊዜ የፋብሪካው ቡድን ሰው ጎድሎት አስገብቶት ነበር። የመታት ኳስ ሁሉ መረቡን እየሳመች ስትመለስ ጊዜ፣ «ሰርቪስ ነጂ ሆኖ ሰርቪስ የማይችል!» ብለው እስከ ዛሬ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሲስቁበት የሚስቅ፣ ሲያዝኑለት ግን የሚገባበት የሚጠፋው ዓይነት ሰው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጳውሎስ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ በእማማ ዓለሜ ግቢ ነው። እናቱ ጸሐይ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ እያወረደች የምትሸጥ ሴት ነበረች። የእማማ ዓለሜን ሰርቪስ ተከራይታ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ይገዙ ገና ፊደል ለይቶ ሳይጨርስ ጸሐይ ስትስል ከርማ ሞተች። ከቀብር መልስ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ልጁ ገጠር ዘመድ ይኖረው ይሆን፣ ማሳደጊያ ይወሰድ ይሆን እያለ ሲመክር፣ እማማ ዓለሜ ንፍሮ እያደሉ «ልጁ ክፍሉ አለው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያቺ ንግግራቸው ለይገዙ ጣራ ሆነችው። ኪራይ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ምሳና ራቱን ከእማማ ዓለሜ ልጆች፣ ከየዓለምወርቅና ከስብሐት ጋር ከአንድ ትሪ በላ። ደብተሩም ዩኒፎርሙም ከእነሱ እኩል ተገዛለት። ሲመሽ ግን ሁለቱ ልጆች ወደ መኝታ ቤት ሲገቡ፣ ይገዙ በጓሮው በር ወጥቶ፣ በሩን ከውጭ በኩል ስቦ ዘግቶ ወደ ሰርቪስ ይሄዳል። ማንም ሂድ አላለውም። እደር ያለውም የለም። እናቱ በሕይወት ሳለች «የቤቱን ልጆች እርስዎ በላቸው» ብላ አስተምራው ስለ ነበር፣ ቢበዛ በአንድ ዓመት የምትበልጠውን የዓለምወርቅን እርስዎ እያለ ሱዚ ዘለለ፣ እርስዎ እያለ የቤት ሥራ ኮረጀ።

እማማ ዓለሜ ክፉ ነበሩ የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። በእጃቸው እንጂ በአፋቸው የማይወዱ ሴት ነበሩ፤ ይኸው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ያበሉሃል፣ ያለብሱሃል፣ ስትታመም ከራስጌህ ቁጭ ብለው ያድራሉ። ምናቸው እንደሆንክ ግን አይነግሩህም፤ አንተም አትጠይቅም።

ልጆቹ አደጉ። የዓለምወርቅ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገባችና አግብታ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄደች። ስብሐት አዳማ ሥራ አግኝቶ እዚያው ቀረ። ይገዙ መንጃ ፈቃድ አወጣና ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሰርቪስ ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ። ከሰርቪስ ክፍሉ ግን አልወጣም። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ የሚቀይር፣ ለማርያም እማማን ዳገቱን ደግፎ የሚያወጣ፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚያስታውስ እሱ ሆነ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ ጥፋት ካላችሁት።

ሥራ የገባ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት ምሳውን ረስቶ ወጣ። ቅጥቅጧ ሰርቪስ ሠራተኛውን ጭና በግቢያቸው በር ስታልፍ፣ እማማ ዓለሜ ሳህኑን በፌስታል ቋጥረው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። አቆመ። በመስኮት አቀበሉትና «ለሆድህ እንኳ አታስብም!» ብለው ተቆጥተው ተመለሱ። ከኋላው የተቀመጠችው ሚልካ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል የምትሠራ ወሬ የማያመልጣት ልጅ፣ አንገቷን አስግጋ «እናትህ ናቸው?» አለችው።

«አዎ» አለ።

ሌላ ምንም የለውም። አከራዬ ናቸው እንዳይል፣ ኪራይ አይከፍልም። አሳዳጊዬ ናቸው እንዳይል፣ ነገሩ ይረዝማል፤ ከኋላው ደግሞ ታክሲ ጡሩምባውን እያንባረቀበት ነው። አዎ አለና ማርሽ አስገባ። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይባላል። የይገዙ ግን እያደር ከበደ።

ምክንያቱም እማማ ዓለሜ የሰርቪሱ ሰው ሁሉ እናት ወደ መሆን ሄዱ። በየእንቁጣጣሹ ማግስት ድፎ ዳቦ በመስኮት ያስገባሉ፤ «የይገዙ እናት ዳቦ» ተብሎ ከሹፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ረድፍ ይቆረሳል። ይገዙ በበሩ ባለፈ ቁጥር ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ጡሩምባ ይነፋል፤ እማማ ከደጃፋቸው እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አንዳንድ ጠዋት ከዘገዩ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት የግምጃ ቤቱ ጋሽ ዋቅጋሪ «እስኪ ድገም፣ አልሰሙም» ይሉታል። ሰርቪስ ላይ ወንበር እንደ ርስት ነው፤ ያ ፊተኛው ወንበር የጋሽ ዋቅጋሪ ርስት ስለሆነ ትእዛዙም ከዚያ ይወጣል።

አንድ ቀን ሚልካ በመስኮት ብቅ ብላ «እማማ፣ ይሄን ልጅዎን መቼ ነው የሚድሩልን?» አለቻቸው።

«ልጄ ሰነፍ ነው፤ እናንተ ፈልጉለት!» አሉ እማማ፣ እየሳቁ።

ልጄ። ይገዙ ያቺን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ሲያላምጣት ከረመ። ሰምተው ነው ወይስ ሳይሰሙ? አውቀው ነው ወይስ አፋቸው ላይ የመጣውን? ግን እማማ ዓለሜ ልጄ የማይሉት ማን አለ? ቆጣሪ አንባቢው ልጄ ነው፣ ጎመን ሻጯ ልጄ ናት። የጎረቤትን ውሻ ሲያባርሩ እንኳ «ሂድ ልጄ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ነገሩን ለራሱ ሳይፈታው ተወው፤ ሚስትም ሳያገባ ቀረ።

ፋብሪካው አንድ ደንብ አለው። ሠራተኛ እናት፣ አባት፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ሲሞትበት ሰርቪሱ ባልደረባውን ሁሉ ጭኖ ለቅሶ ይደርሳል። ይገዙ ያላደረሰው ለቅሶ የለም፤ ሱሉልታም፣ ሰበታም፣ አቃቂም ሄዷል። መኪናውን አስጠግቶ ከሁሉ በኋላ ይገባና ከድንኳኑ አፍ አጠገብ ተቀምጦ ያያል። ለቅሶ ደራሽ የራሱ ሐዘንተኛ አለው። ፍራሽ ላይ ከተደረደሩት ውስጥ የሚያውቀው አንዱን ነው። ያንን ሰው በዓይኑ ፈልጎ፣ ጎንበስ ብሎለት፣ ትይዩ ይቀመጣል። ሐዘንተኛውም ማን እንደመጣለት እስኪሞት አይረሳም። ማንም ያልመጣለት ሰው ፍራሽ ላይ ቢቀመጥም እንዳልተቀመጠ ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማለዳ፣ የእማማ ዓለሜ የጓዳ መብራት ሳይበራ ቀረ። ይገዙ በጓሮው በር ገባ። እማማ በእንቅልፋቸው አርፈዋል። ዓይናቸውን ከደነ፣ እጃቸውን አጣጠፈ፣ ለየዓለምወርቅና ለስብሐት ደወለ። ከዚያ ለተጠባባቂው ሹፌር ለኢታና ደወለና «ሆዴን አሞኛል፤ ዛሬ ሰርቪሱን ያዝልኝ» አለው።

ለምን እውነቱን አልተናገረም? ቢናገር ሰርቪሱ ይመጣላ። ከመጣ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው «የይገዙ እናት» እያለ እያለቀሰ ይገባና፣ የእማማ የሥጋ ልጆች ጓሯቸው ያደገው ተከራይ እናታቸውን በፋብሪካ ሙሉ ሰው ፊት የራሱ እናት እንዳደረጋት ይሰማሉ። ወይም ባልደረቦቹ ይገዙን በገዛ እናቱ ለቅሶ ላይ ወንበር ሲሸከም ያዩታል። የቱ እንደሚብስ ማወቅ አልቻለም። ደግሞ ከሁለቱም የባሰ አለ። እማማ ዓለሜ ቢያንስ በዚያች ቅጥቅጥ መኪና ውስጥ እናቱ ነበሩ። ዛሬ ያቺ እናትነትም ካለቀች ሁለት ጊዜ ሞቱበት ማለት ነው።

ስለዚህ ሠራ። የእድሩን ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ። እንጦጦ ማርያም ላይ አፈር ሲመለስ ከሰው ኋላ ቆመ። ከቀብር መልስ ሽርጥ አገልድሞ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ጆግና ሳፋ ይዞ የለቅሶ ደራሹን እጅ አስታጠበ። ከማለዳ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም። ጆግ የያዘ ሰው አያለቅስም፤ ውሃው ይንጠባጠባል።

የዓለምወርቅ ከድንኳኑ ራስጌ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ ከወንድሟ ጋር ተቀምጣ ሌላ ነገር ያንገበግባታል። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። እማማ እኩዮቻቸውን ሁሉ ቀብረው ጨርሰዋል። የኢንሹራንሱ ሰዎች ነገ እንመጣለን ብለዋል፤ የስብሐት ሰዎች ያሉት አዳማ ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች እንኳ ጥግ ይዘው የውሃ መጥፋት ጉዳይ ጀምረዋል። ሰው ለቅሶው በባዶ ድንኳን ሲያልፍ ማየት እንዴት እንደሚቆጭ፣ የደረሰበት ያውቀዋል። የዓለምወርቅ እናቷን ሰው እንዳጣች ሴት በመሸኘቷ ራሷን ትበላ ነበር።

አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ ኢታና ሰርቪሱን ይዞ በዚያ በር አለፈ። ይገዙ እንዳስተማረው ሁለት ጊዜ ነፋ። እጅ አልተነሣም። በእጁ ፋንታ ድንኳን አየና ፍሬኑን ያዘ።

«ሆዴን አሞኛል ነበር ያለኝ» አለ ኢታና።

«ታዲያ ምን ዋሸ?» አለች ሚልካ፣ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች። «እናቱ የሞተችበት ሰው ሆዱን ካልታመመ ምኑን ይታመም?»

ጋሽ ዋቅጋሪ ከወንበራቸው ተነሡ። ያን ጊዜ ማንም ወደ ቤቴ ልሂድ አላለም። ደንቡን የጠየቀ፣ ፈቃድ ያስፈለገው የለም። ሰርቪሱ ባዶ እስኪሆን ወረዱ።

ይገዙ ግን ሞተሩን ከሩቅ ለይቶት ነበር። ሃያ ዓመት ሲሰማው የኖረውን ሞተር በለቅሶ መሐል ቢሆንም አይስተውም። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ በትልቁ ቤት ጎን ዞሮ፣ ሰርቪስ ገብቶ በሩን ቀረቀረ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ቁጭ አለ። የሃምሳ ዓመት ሰው እንደ ልጅ ተደበቀ።

ድንኳኑ አፍ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ያዕቆብ ቆሟል። ጋሽ ዋቅጋሪ ኮፍያቸውን አውልቀው «ይገዙ የት አለ?» አሉት።

«ይገዙ? የሰርቪሱ ልጅ?»

«አዎ፣ የሰርቪሱ።»

ሁለቱም የተግባቡ መሰላቸው። «አሁን እኮ እዚሁ እያስታጠበ ነበር» አለ ያዕቆብ፣ መሬት ላይ ያለውን ጆግ እያየ።

ጋሽ ዋቅጋሪ ጆጉን አዩት። ያዕቆብን አዩት። «እናቱ የሞተችበትን ሰው ውሃ ታስይዙታላችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው እየወጣ። «ይሄ የምን እድር ነው? እናንተ ሰፈር ሐዘንተኛ ነው እንዴ የሚታዘዘው?»

ከኋላቸው የፋብሪካው ሴቶች መግባት ጀምረዋል። «የይገዙ እናት! የዳቦዋ እናት! እጅዎን ማን ያንሣልን!» ድንኳኑ ሞላ፤ አግዳሚ ተጠበበ፤ የእድር ሽማግሌዎቹ የውሃውን ነገር ትተው ተነሡላቸው። ሚልካ ሙሾ አታወርድም፤ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን አያወርድም። እንባዋን ግን ማን ይከለክላታል። ሁሉም በዓይናቸው ፍራሹን እየዳሰሱ ይገዙን ፈለጉ። አጡት።

የዓለምወርቅ ሁሉንም ሰማች። ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሣም። እሷ ተነሣች።

የሰርቪሱን በር በመዳፏ መታችው። «ይገዙ፣ ክፈት።»

ከፈተ። ከልጅነቷ ወዲህ ያቺን ክፍል ረግጣት አታውቅም። አልጋ፣ ጄሪካን፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የሹፌር ጃኬት። በሩ ላይ እንደቆመች «እዚያ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እናቴን የይገዙ እናት እያለ ያለቅሳል» አለችው። «ምንድን ነው እሱ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ቀን ሳላስብ አዎ አልኩ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።»

«መቼ ነው አንድ ቀን?»

«ሥራ የገባሁ ሰሞን።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን?» ንዴቷ ፊቷ ላይ ወጣ። «እሷስ? እሷ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም። ልጄ ይሉኝ ነበር። ግን እርስዎም ያውቃሉ፣ ሁሉንም ልጄ ነው የሚሉት።»

«እኔን ልጄ ብላኝ አታውቅም» አለች። «እኔን 'አንቺ ነይ' ነው። ስብሐትን 'አንተ ስማ' ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ።

«ትናንት ማታ ምን በላች?» አለች የዓለምወርቅ በድንገት።

«ሽሮ። ብዙም አልቀመሱም። ጨው አበዛህ ብለው ተቆጡኝ።»

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ከክረምት ወዲህ እኔ ነኝ። እጃቸው ድስት ማንሣት እምቢ ካለ ወዲህ።»

የበሩን መቃን ያዘች። እሑድ እሑድ ስትደውል እናቷ «ሽሮዬን ሠርቼ በላሁ፤ ደህና ነኝ፤ አትምጪ፣ መንገዱ ያደክምሻል» ይሏት ነበር። እሷም አምናቸው ስልኩን ዘግታ ወደ ጉዳይዋ ትሄድ ነበር። ድስት ማንሣት እንዳቃታቸው አንድም ቀን አልሰማችም።

«ውሸታሞች!» ብላ ጮኸች፤ እንባዋ አብሮ ወረደ። «እሷም ውሸታም፣ አንተም ውሸታም! በእናትህ ወጥተሃል!»

ያለችውን ከተናገረች በኋላ ነው የሰማችው። ይገዙም ሰማ።

ከዚያ የዓለምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ጃኬቱን ከምስማሩ አውርዳ ወረወረችለት። «ያንን ሽርጥ አውልቅ» አለችው፣ ልክ እንደ እናቷ እየተቆጣች። «ጫማህን አድርግ። ለቅሶ የሚደርስህ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ደግሞ እዚያ ሰው ፊት እርስዎ እንዳትለኝ። እህቱን እርስዎ የሚል ወንድም የት አለ?»

ተከትሏት ገባ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ብድግ አለ። ስብሐት ከፍራሹ ላይ ሆኖ እህቱን ምንድን ነው በሚል ዓይን አያት። «ጠጋ በል» አለችው። ስብሐት ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ጠጋ አለ። ይገዙ ከሁለቱ መካከል በተለቀቀው ቦታ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ በፍራሹ ጫፍ፣ የዓለምወርቅ እጅጌውን ስትጎትተው ደግሞ ሙሉ በሙሉ።

ሚልካ ጎንበስ አለችለትና ትይዩው ተቀመጠች። ይገዙ ጉልበቱ ላይ የተቀመጡትን ባዶ እጆቹን ተመለከተ፤ የሚይዙት ነገር የላቸውም። ያን ጊዜ ከማለዳ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ መጣበት። «እማዬ» ብሎ ጮኸ። በሕይወት ሳሉ እንዲህ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። የፋብሪካው ሴቶች ተቀበሉት፤ የሰፈሩ ሴቶች ተከተሉ፤ የዓለምወርቅ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። ቀን እንጦጦ ማርያም ላይ ያልተለቀሰው የእማማ ዓለሜ ለቅሶ ያን ጊዜ ነው የተለቀሰው። እኔ ይሄን ስሰማ አላፈርኩም፣ አልቅሻለሁ።

ሲወጡ እየጎነበሱ በፊቱ አለፉ። ሚልካ «ጌታ ያጽናህ» አለችው። ጋሽ ዋቅጋሪ ትከሻውን ጨበጥ አድርገው «ሆዴን ነው ያልከው አይደል?» አሉት። «እስከ ሠልስት ኢታና ይይዝልሃል። ወንበርህን ማንም አይወስድብህም።» ሰርቪሱ ሲንቀሳቀስ ኢታና በሩ ላይ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ነፋ።

ጎረቤት እዝን ይዞ መጣ። ያዕቆብ፣ ጋሽ ዋቅጋሪ የተቆጡት ጆሮው ላይ እንደቀረ ነው መሰለኝ፣ ጆጉን ራሱ አንሥቶ ከይገዙ ፊት በርከክ አለ። ይገዙ ጆጉን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ያዕቆብ አልሰጠውም፤ በተዘረጋው እጅ ላይ ውሃውን አፈሰሰበት።

ሲጨልም ፍራሾቹ ወደ ሳሎን ገቡ። ሐዘንተኛ አንድ ላይ ነው የሚተኛው። የዓለምወርቅ አንሶላ ስታነጥፍ፣ ስብሐት ትራስ ሲያቀብላት፣ ይገዙ ቀስ ብሎ ተነሣና እግሩ እንደለመደው ወደ ጓሮው በር አመራ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ።

«ወዴት ነው?» አለችው የዓለምወርቅ፣ ዞር ሳትል።

«ወደ ሰርቪስ።»

«የእናቱን ለቅሶ ተቀምጦ ሰርቪስ የሚያድር ሰው የት አገር አይተሃል? ግባ፣ ብርድ አታስገባብን።»

ይገዙ ያወጣውን እግር መለሰ። የጓሮውን በር ከውስጥ በኩል ዘጋው።